የትምህርት ቤታችን ወላጅ ኮሚቴ በኮሮና ዓመት

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከሁሉ በፊት ያጨቃጨቀን ክፍያው ነበር። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ተባለ። የእኛው 75 ላይ ችክ አለ። ኮሚቴያችን ግን ባዶ እጁን አልሄደም። ሥራ ያጡ ወላጆችን ጉዳይ አንድ በአንድ ይዞ ቀረበና ለእነሱ ወደ 50 አስወረደላቸው። የመምህራን ደሞዝ እንዳይቋረጥም አብሮ ጠየቀ። ይሄ በጣም ያስመሰግናቸዋል።

በቴሌግራም ትምህርቱ ላይ ግን ዘገዩ። የሒሳብ መልመጃው ደብዛዛ ፎቶ ሆኖ ይመጣል። ኔትወርኩ ደግሞ አንዴ መጣ፣ አንዴ ሄደ። በመጨረሻ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ «ስማርት ስልክ የሌለው ቤት ያለ ልጅስ?» ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ መልመጃው እየታተመ ከጥበቃው ክፍል መውሰድ ጀመርን። ልጄ በእርሳስ የሠራችው ታርሞ ሲመለስላት፣ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ የኔ ልጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወረቀቱን እስካሁን አልጣለችውም።

በ2013 ክፍል ሲከፈት ልጆቹ በፈረቃ ገቡ። የፈረቃውን ፕሮግራም በዋዜማው ማታ ነው የነገሩን። ሠርቶ አዳሪ ወላጅ እንዴት ይሁን? እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል።

ከአምስት ኮከብ አራቱን ሰጥቻቸዋለሁ። ያለ አበል ነው የሠሩት።