ለሜዳ አራዊት አደን የቱ ይሻላል? 308፣ 30-06፣ 300 ማግነም እና 375 ጎን ለጎን

ደቡብ አፍሪካ ወይም ናሚቢያ ሄዶ ኩዱ፣ ጌምስቦክ፣ ዋይልድቢስት የሚባሉትን ትልልቅ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳት ለማደን የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሊበር፣ ማለትም ጠመንጃው ስለሚተኩሰው የጥይት ዓይነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ አረሩ ጠይቁ ባይ ነኝ። ከቀለሁ ወጥቶ አውሬው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የካሊበሮቹ ልዩነት ሰው ከሚያወራው በጣም ያነሰ ነው።

እስቲ እንያቸው። 30-06 ስፕሪንግፊልድ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ 308 ዊንቸስተር በ1952 መጣ፤ 300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ በ1963። ሦስቱም የሚተኩሱት አረር ስፋቱ አንድ ነው። 180 ግሬን (11.7 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረር ብትሰጧቸው፣ 308 በሰከንድ 800 ሜትር አካባቢ፣ 30-06 ከ820 ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ማግነሙ ደግሞ 900 አካባቢ ያስወነጭፉታል። ቁጥሩ ላይ ማግነሙ ያሸንፋል። ግን ቁጥቋጦ ባለበት አገር አብዛኛው ተኩስ ከ100 እስከ 200 ሜትር ነው፣ እዚያ ርቀት ላይ ደግሞ ኩዱው ልዩነቱን አያውቀውም።

ትከሻችሁ ግን ያውቀዋል። ማግነም በደንብ ይራገጣል። ርግጫውን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙም ይዞርበታል። ስለዚህ ካላሃሪ ሜዳ ላይ ስፕሪንግቦክን (ትንሽ የሜዳ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ነው) ከ300 ሜትር ልትተኩሱ ካላሰባችሁ፣ ወይም ተራራ ላይ ካልሆነ፣ 30-06 ይበቃል። 308 ያለው ሰውም አዲስ ጠመንጃ መግዛት የለበትም። ከሦስቱ የሚከብደው 375 ኤች ኤንድ ኤች ምርጥ ጠመንጃ ነው፣ ግን የሚያስፈልገው ከኩዱ በጣም የሚገዝፈው ኢላንድ ወይም ጎሽ ዝርዝራችሁ ውስጥ ካለ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚያንሰውን 243 ካሊበር ደግሞ ለኩዱ እርሱት። ናሚቢያ ለኩዱ፣ ለጌምስቦክ፣ ለዋይልድቢስት እና ለሜዳ አህያ ቢያንስ 2700 ጁል ጉልበት በሕግ ትጠይቃለች፤ የተለመደው ባለ 100 ግሬን 243 አፈሙዙ ላይ እንኳ 2640 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእነዚህ አራዊት ልብና ሳንባ ዝቅ ብሎ፣ ወደፊት ገፋ ብሎ በፊት እግሮቹ መካከል ነው ያለው። ሌላ አገር አጋዘን ማደን የለመደ ሰው ከወርቹ ኋላ ያልማል፣ እዚህ ግን ያ ወደ ጨጓራ ይጠጋል። አውሬው በጎኑ ቆሞ ከሆነ የፊት እግሩን ተከትላችሁ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ከደረቱ የታችኛው ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ስትሉ እዚያ ላይ አልሙ። እንዲህ ስታልሙ አረሩ የወርቹን አጥንት ሊያገኝ ይችላል። ሰብሮ ማለፍ አለበት፤ አረር የሚመረጠውም በዚህ ነው።

ርካሹ፣ ተራ ለስላሳ አረር እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር አልተጣበቀም። በ308 መካከለኛ ፍጥነት ለኢምፓላና ለስፕሪንግቦክ ምንም አይልም። በማግነም ፍጥነት ከቅርብ የዋይልድቢስት ወርች ላይ ሲያርፍ ግን ተበታትኖ ሳንባው ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ኖስለር ፓርቲሽን የሚባለው አረር መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፤ ፊቱ ይከፈታል፣ የኋላው ግማሽ ሳይፈርስ መግባቱን ይቀጥላል። ስዊፍት ኤ-ፍሬም ይኸው ግድግዳ አለው፣ በተጨማሪም የፊተኛው እርሳስ ከልባሱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ስለዚህ ክብደቱን የበለጠ ይይዛል። ባርንስ ቲኤስኤክስ ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው፤ ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቶ ክብደቱን ከሞላ ጎደል እንደያዘ ያልፋል። ጉድለቱ፣ ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ በደንብ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቀለል ያለውን፣ 165 ወይም 168 ግሬኑን ውሰዱ።

የኔ ምርጫ? ለ30-06፣ 180 ግሬን ፓርቲሽን ወይም ኤ-ፍሬም። ለ308፣ 165 ግሬን የተጣበቀ። ለማግነም፣ መዳቡ ወይም ኤ-ፍሬም፤ ርካሹን በጭራሽ። በአንድ ሳጥን ላይ የምታተርፉት ገንዘብ አያጓጓ፤ በአብዛኛው ውል አቁስላችሁ ያጣችሁት አውሬ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል፣ እንስሳው ደግሞ ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ይቆያል።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። 3-9x40 የጠመንጃ መነጽር (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ) ከ5-25 ይሻላል፣ ምክንያቱም ቁጥቋጦ መሃል በ40 ሜትር ድንገት የሚነሳ ክርክሮን በትልቅ ማጉያ ፈልጋችሁ አታገኙትም። የተረፈውን ብር 10x42 የእጅ መነጽር ላይ አውሉት፣ ቀኑን ሙሉ የምትጠቀሙት እሱን ነው። ልብሱ ሲንኮሻኮሽ የማይሰማ ጥጥ ይሁን፣ ካኪ ወይም አረንጓዴ። ዚምባብዌንም የምትነኩ ከሆነ ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ ይቅር፤ እዚያ ለሲቪል ክልክል ነው። ሰኔና ሐምሌ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ስላለ ወፍራም ሹራብ አትርሱ። ባለ ሦስት እግር መተኮሻ ምርኩዝ ደግሞ አዳኝ መሪው ይዞ ይመጣል፣ እናንተ ግን ከቤት ሳትወጡ ቆማችሁ ከሱ ላይ ተለማመዱ።

የራስ ጠመንጃ ወይስ ኪራይ? ኪራይ ከወረቀት ጣጣ ይገላግላል። የራስ ግን ቃታውን ታውቁታላችሁ፣ ለኔ ያ ይበልጣል። ደቡብ አፍሪካ ለአንድ ጠመንጃ እስከ 200 ጥይት ታስገባለች፣ ናሚቢያ 100። አየር መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ ጥይት አይቀበሉም። 60 ጥይት ከበቂ በላይ ነው። ጥይቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ 308 እና 30-06 እዚያ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ብርቅዬ ካሊበር የያዘ ሰው ግን ችግር ላይ ነው። እንደደረሳችሁ፣ አደኑ ሳይጀመር፣ ኢላማ ወረቀት ላይ ሦስት ተኩሱ፤ ሻንጣ ሲወረወር መነጽሩ ሊነቃነቅ ይችላል።