የማድሪድ የዕለት ምሳ፦ በፍስክም በጾምም

ማድሪድ የመጣ ዘመድ ሁሉ «የት እንብላ?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴ አንድ ነው። በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛ የሚበዛበት ሰፈር ሂዱ። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ያለው ቡና ቤት ፈልጉ። ሰሌዳው አናት ላይ «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚል ካያችሁ ሳታመነቱ ግቡ። ስፔን ውስጥ ከሚበላው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄንን የዕለት ምሳ ነው። አሳማ የማይነካ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ደግሞ ሳይቸገር ሊበላው ይችላል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋጋው ቁርጥ ነው። በዚያ ዋጋ ሁለት ሳህን ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ በመጨረሻም ጣፋጭ ወይም ቡና ይመጣላችኋል። ለመጀመሪያው ሳህን አራት አምስት ምርጫ አለ፤ ለሁለተኛውም እንዲሁ። ቫቱ ዋጋው ውስጥ ነው። ሰሌዳው 13 ዩሮ ከ50 ካለ፣ ስትወጡ የምትከፍሉት 13 ዩሮ ከ50 ነው። ቲፕ ግዴታ የለም፤ ደስ ያለው ሰው ሳንቲም ጣል አድርጎ ይወጣል። እንደ ሰፈሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ፣ በዚያ ገንዘብ ማታ አንድ ሳህን ዓሣ ብቻ ብታዝዙም ላይበቃችሁ ይችላል።

እኔ የምሠራው ቴቱዋን ሰፈር፣ ከብራቮ ሙሪዮ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው። ምሳ የምበላበት ቡና ቤት እዚያው አጠገቡ ነው። ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም፤ እንዲህ ያለ ቤት በቫዬካስም፣ በካራባንቼልም፣ በኩዋትሮ ካሚኖስም ሞልቷል። ጠረጴዛዎቹ አሥር አይሞሉም። ላያቸው ላይ ወረቀት ይነጠፋል። ጥግ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። አስተናጋጁ አንድ ሰው ነው። የስድስት ሰው ትዕዛዝ ምንም ሳይጽፍ ሰምቶ ይሄዳል፤ አንዱንም አያሳስትም። ወጥ ቤት ያለችው እህቱ ናት። ቀለም የተረጨ ቱታ የለበሱ ቀለም ቀቢዎች ይገባሉ፣ የባንክ ሠራተኞች ይገባሉ፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጅም ትመጣለች። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ሁሌ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሾርባቸው ሳያዙ ይመጣላቸዋል። ለብቻው የሚበላ ሰው እዚያ ቤት ብቸኛ አይመስልም። ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፤ እስከ 10 ሰዓት ይቆያል። 6 ሰዓት ላይ ርቧችሁ ብትገቡ ቡናና ሳንድዊች እንጂ ወጥ አታገኙም። ከ8 ሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም ይላል። እኔ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ፤ ምርጫው ሁሉ ሳያልቅ ይደርሰኛል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሰሌዳው ላይ ሁለት ሦስቱ ተሰርዘው ያገኛቸዋል። መሰረዙ ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ ምግቡ ለዚያ ቀን የተሠራ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምስሩ ልምጣ። እኔ የምበላበት ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ምስር ይሠራል። የስፔን ምስር አይከካም። ቡናማ ነው፤ ድፍኑን ነው የሚቀቀለው። ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ፒሜንቶን የሚሉት ቀይ በርበሬም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አያቃጥልም፣ የጭስ ጠረን ያለው ዓይነትም አለ። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ይመጣል። ሽታው ቤት ቤት ይላል። ማንኪያ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። ላዩ ላይ ቀይ ዘይት ተንሳፍፎ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ያ ዘይት ከቾሪሶ የወጣ ነው። ቾሪሶ የአሳማ ቋሊማ ነው። ቋሊማውን አውጥታችሁ ብታስቀምጡም ስቡ ምስሩ ውስጥ ቀርቷል። አንዳንድ ቤት ደግሞ አብሮ ቀቅሎ ቀድሞ ያወጣዋል፤ በዓይን ብቻ አይታወቅም።

ስለዚህ ጠይቁ። «ዬባ ሴርዶ?» ማለት አሳማ አለበት ወይ ነው። ይሄ ብቻ ግን አይበቃም። ኻሞንን፣ ማለት የደረቀውን የአሳማ ታፋ፣ ብዙ ስፔናዊ እንደ ሥጋ አይቆጥረውም። አትክልት ብቻ ነው ያሏችሁ ፎሶሊያ ላይ በትንንሹ ተከትፎ ይመጣል። እንጉዳዩ ላይም፣ አተሩ ላይም እንዲሁ። «ሲን ኻሞን» ብላችሁ ለብቻው ተናገሩ። ሳታፍሩ ጠይቁ። የእኔ አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ከነገርኩት በኋላ እሱው ቀድሞ «ዛሬ ምስሩ ላንቺ አይሆንም፣ ቆስጣውን ውሰጂ» ይለኛል።

ቆስጣው በጣም ጥሩ ነው። ከድንች ጋር ተቀቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ጠብሰው ያፈሱበታል። የጾም ቀን ዋናው ምግቤ እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን በኻሞን የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ እዚህም ጥያቄዋ አትቅር። ሌላም መላ አለ። ብዙ ቤት ሁለተኛውን ሳህን ትቶ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መውሰድ ይፈቅዳል። «ዶስ ፕሪሜሮስ» በሏቸው። ዋጋው አይለወጥም። በጾም ቀን ቆስጣና ሰላጣ፣ ወይም ሽምብራና ቆስጣ አድርጌ እበላለሁ። ሰላጣው ላይ ቱናና እንቁላል የተለመደ ስለሆነ ሁለቱንም አስቀንሱ።

የእነሱ የፋሲካ ጾም ወራት ሲደርስ ዓርብ ዓርብ ፖታኼ የሚባል ወጥ ይወጣል። ሽምብራ፣ ስፒናችና ጨው የገባበት ደረቅ ዓሣ አንድ ላይ የሚቀቀልበት ነው። እነሱ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ለጾም ብለው የሚሠሩት ነው። ብዙ ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ስለሚከተፍበት፣ በጾም ዓሣ የምትበሉ ሰዎች እሱን አስቀርታችሁ እዘዙ። ዓሣም የማትበሉ ከሆነ ግን አልፋችሁ ቆስጣው ላይ ጽኑ፤ ዓሣው መረቁ ውስጥ ገብቷል። ከዓርብ ውጭ፣ በፍስክ ቀን ያገኛችሁት እንደሆነ ግን አትለፉት። ሽምብራው አፍ ውስጥ ይሟሟል።

ሁለተኛው ሳህን ላይ ብዙ አልቆይም። የተጠበሰ ዶሮ፣ ሜርሉሳ የሚባል ነጭ የባሕር ዓሣ፣ የሥጋ ኳስ በስጎ፣ እንቁላል ጥብስ በድንች። የሥጋ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ስለሆነ ተውት። ሜርሉሳው ግን አስተማማኝ ነው። በጋለ ብረት ላይ ተጠብሶ ሎሚ ከጎኑ ሆኖ ይመጣል። ሐሙስ ፓኤያ የሚያወጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሩዙ ውስጥ የአሳማ ጎድን የሚጨምሩ ስላሉ እሱንም ጠይቁ። ኮሲዶ የሚሉት የማድሪድ ዝነኛ የሽምብራና የሥጋ ቅቅል ደግሞ ያለ አሳማ ስለማይሠራ ለእኛ አይሆንም።

መጠጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዋጋው ጋር የሚመጣው አንድ መጠጥ ነው፤ ወይን፣ ቢራ፣ ለስላሳ ወይም የታሸገ ውኃ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቆሻሻ ሕግ ምግብ ቤቶች የቧንቧ ውኃ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ስለዚህ መጠጣችሁን በታሸገ ውኃ አታባክኑት። «ኡና ኻራ ዴ አጉዋ» ስትሉ በጆግ ይመጣላችኋል። የማድሪድ የቧንቧ ውኃ ደግሞ ጣፋጭ ነው። የ2025 ሌላ ሕግ የተረፋችሁን ምግብ ይዛችሁ የመሄድ መብት ሰጥቷችኋል፤ ዕቃውንም ቤቱ ነው የሚያቀርበው። ምግቡ ብዙ ስለሆነ እኔ ሁለተኛውን ሳህን ብዙ ጊዜ ለእራት እወስደዋለሁ።

ጣፋጩ ላይ ፍላን አለ፤ አዲስ አበባ ክሬም ካራሜል የምንለው ነው። ሩዝ በወተትም አለ፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት። «ካሴሮ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እቤት የተሠራ ነው ወይ ማለት ነው። በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ከሆነ ቡናውን ብትወስዱ ይሻላል። ኮርታዶ ትንሽ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው፤ ማኪያቶ የለመደ ሰው ይወደዋል። የጾም ቀን ደግሞ ፍራፍሬ አለ። በክረምታቸው ብርቱካን፣ በበጋቸው ሐብሐብ።

ይሄ ሁሉ በዚህ ዋጋ እንዴት ይቻላል? ነገሩ የተጀመረው በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964፣ ማኑኤል ፍራጋ የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትር ሳሉ፣ ለቱሪስቶች ቁርጥ ዋጋ ያለው ምግብ እንዲቀርብ ደንብ ወጣ። ዳቦና መጠጥ ያኔም ዋጋው ውስጥ ነበሩ። ለውጭ ሰው የታሰበው ምሳ ውሎ አድሮ የሠራተኛው ሆነ። ዛሬ ርካሽ የሚያደርገው የሥራው አካሄድ ነው። ምርጫው ጥቂት ነው። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ሾርባው በትልቅ ድስት ጠዋት ይጣዳል። ገበያ ላይ የረከሰው አትክልት ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ደንበኛው በየቀኑ የሚመጣ ስለሆነ ስንት ሰው እንደሚበላ ቀድመው ያውቁታል፤ የሚደፋ ምግብ አይኖርም። ከምሳው የሚያተርፉት ጥቂት ነው። ጠዋት በቡናው፣ ማታ በቢራው ያካክሱታል። ባለቤቱ ይሄን ሲያስረዳኝ የወይራ ዘይት የተወደደበትን ጊዜ እያነሳ ነበር። ያኔ ዋጋ ጨምሯል። ጥራቱን ግን አልቀነሰም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

በማዕከላዊው የቱሪስት አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ይቀርባል፣ ግን ስሙ ብቻ ነው። እንግዶቼ አንድ ጊዜ ከፕላሳ ማዮር አጠገብ አንድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ሰሌዳው የምግብ ፎቶ ነበረበት። አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ሩዙ ተቀቅሎ ከርሞ የተሞቀ ነበር፤ ጫፉ ደርቋል፣ መሀሉ ቀዝቃዛ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ መጠጡ ለብቻው ተደምሯል። ዳቦውም ተደምሯል። ሰሌዳው ላይ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ «መጠጥ አይጨምርም» ይል ነበር። እንግዶቼ ከእኔ በላይ አዘኑ፤ ስፔንን በዚያ ምሳ እንዳይለኩት በማግስቱ ቴቱዋን አመጣኋቸው። ውጭ በረንዳ ላይ ስትቀመጡ የሚጨመር ዋጋ ያለበት ቤትም አለ። ሳትቀመጡ ጠይቁ።

የእኔው ቤትም ጉድለት አለው። ሁለተኛው ሳህን ሁሉ ከጎኑ ድንች ጥብስ ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ይሰለቻል። ፎሶሊያው ከመጠን በላይ ይቀቀላል። 9 ሰዓት ላይ የቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር ጫጫታው ይጨምራል፤ ወሬ ለማውራት የመጣ ሰው ይቸገራል። ሚጥሚጣ የለመደ አፍ ደግሞ ምግቡ አልጫ ይሆንበታል። እኔ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ እሄዳለሁ፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። አስተናጋጁ ራሱ ቀምሶ ምስሩ ላይ ወደደው።

ቅዳሜና እሑድ ብዙ ቤት የዕለት ምሳ አያወጣም፤ የሚያወጣውም ዋጋ ይጨምራል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የነሐሴ ነገር ነው። ጋስፓቾ፣ ማለት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያርና ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይትና በኮምጣጤ ተፈጭቶ በቀዝቃዛው የሚጠጣው ሾርባ፣ በሙቀቱ ወራት ሰሌዳው ላይ አይጠፋም። ለፍልሰታ ጾም እንደሱ የሚስማማ የለም። የእሱ ዘመድ የሆነው ሳልሞሬኾ ግን እንቁላልና ኻሞን ይነሰነስበታል፤ አታምታቷቸው። ችግሩ ፍልሰታ የሚውለው የሰፈር ቡና ቤቶች ለዕረፍት በሚዘጉበት ወር ላይ ነው። በነሐሴ ከመጣችሁ ከቤት ሳትወጡ ደውሉ። የስልካችሁ ካርታ «ክፍት ነው» ቢላችሁም አትመኑት፤ ትክክለኛው ቀን ያለው የብረት መዝጊያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው።