የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ማጠናከሪያ፦ 4 ወር የተማርኩበት

አምና ለብሔራዊ ፈተና ስዘጋጅ ሰፈራችን ያለ ማጠናከሪያ ቤት ገብቼ ኬሚስትሪ ተማርኩ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ ለ4 ወር። ስገባ ሞል የሚባለው የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ጭራሽ አይገባኝም ነበር።

መምህራችን የመጀመሪያ ቀን ጠመኔ አልነካም። አንድ ብርጭቆ ውሃ አነሳና «18 ግራም ውሃ 1 ሞል ነው። እዚህ 180 ግራም አለ። ስንት ሞል ልጠጣ ነው?» ብሎ ጭልጥ አደረገው። አስር! ከዚያ ወዲህ ሞል አስፈርቶኝ አያውቅም።

ካልኩሌተር አያስነካም። የ0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 2 መሆኑን በጭንቅላታችን እስክናወጣው ያሠራናል። ኢኩሊብሪየምንም (ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ሪአክሽን ሚዛን ሲይዝ ማለት ነው) ያስተማረን በአሞኒያ ነው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ባሉበት በኩል 4 ሞል ጋዝ፣ አሞኒያው በኩል 2። ግፊት ሲጨምር ሪአክሽኑ ጋዝ ወደሚያንስበት ወደ አሞኒያው ይሄዳል። ሳንሸመድድ ቆጥረን ደረስንበት። እኔ እንዲህ ያለ ትምህርት በጣም ነው የምወደው።

ቅር ያለኝ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ነው። መጨረሻ ላይ ተቻኩለው በሁለት ክፍለ ጊዜ ጨረሱት። አልኬንና አልካይን የሚባሉትን የካርቦን ውህዶች አሰያየም ከመማሪያ መጽሐፉ ራሴ ነው ያጠናሁት። ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ያረፈደ ቆሞ ይማራል።

የምትመዘገቡ ካላችሁ የ11ኛ ክፍል ደብተራችሁን እንዳትጥሉ። ጥያቄው ከ12ኛ ብቻ አይወጣም፤ መምህሩም ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጠይቃል። ታናሽ ወንድሜን ዘንድሮ አስመዝግቤዋለሁ። ደብተሬንም ሰጥቼዋለሁ።