ካቻቢቴዬን ለነጠቁኝ ጋሼ ምስጋና

ቦስተንና አካባቢው ያላችሁ፣ አሮጌ ኮምፒውተር የምትወዱ ሰዎች (ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ) ይቺን አንብቡልኝ።

ምድር ቤቴ ውስጥ አንድ ፒዲፒ-8/ኢ አለኝ። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ ሚኒኮምፒውተር ነው። የሠራው ዴክ (ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን) የተባለ ኩባንያ ሲሆን ዋና ቤቱ እዚሁ ማሳቹሴትስ፣ ሜይናርድ ውስጥ፣ ድሮ የሱፍ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ነበር። ባለቤቴ “ሁለተኛው ፍሪጅ” ትለዋለች። ይሁን።

ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። ያስቸገረኝ ዲስክ አንባቢው ነው። አርኬ05 ይባላል፤ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። ትሪ የሚያህል ዲስክ በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ እንዳለ ይጎርሳል። የሚይዘው ግን 2.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ሊበልጠው ይችላል። ገና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ “ፎልት” (ብልሽት) የምትለዋ መብራት ቦግ ትላለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ በስልክ ሰምቶኝ “ሦስቱን የሰርኪዩት ካርድ ቀይር” አለኝ። ለአንዱ ከፍዬ አስመጣሁ። ቀየርኩት። መብራቷ አሁንም ቦግ።

እኚህን ጋሼ ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው። ጡረታ የወጡ ሐበሻ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እየዞሩ እንዲህ ዓይነት ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ። ስሜን እንዳታወጣ ስላሉኝ አላወጣም። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተቀጣጠርን። ለሦስት አሥር ጉዳይ ሲል በሩ ተንኳኳ። የሐበሻ ቀጠሮ ለምትሉ ይመዝገብልኝ።

እኔ ቀደም ብዬ ክዳኑን ከፍቼ፣ ሄዶቹን (ዲስኩን የሚያነቡትንና የሚጽፉበትን ጫፎች) ልፈታ ካቻቢቴ ይዤ ቆሜያለሁ። ምንም ሳይሉ ከእጄ ወሰዱት።

“ይሄን ማን ፍታ አለህ?”

“ጋሼ፣ ላጸዳው ብዬ ነው።”

“ሄድ ከፈታህ እንደገና ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ይልቅ መብራቷ የምትልህን ስማት። እሷ የምትናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ ሳይታዘዝ የመጻፊያ ከረንት እየሄደ ነው፣ ወይ የቦታ መለኪያዋ አምፑል ጠፍታለች።”

ሄዶቹን ወዲያ ወዲህ የሚያንሸራትተው ክፍል የት እንደደረሰ የሚያውቀው በብርሃን ነው። ትንሽ አምፑል አለች፤ ብርሃኗ በተሰመረ መስታወት እያለፈ ትራኮቹን፣ ማለትም ዲስኩ ላይ የሚጻፍባቸውን ክቦች፣ ያስቆጥራል። እሷ ከጠፋች ማሽኑ ዕውር ነው። ጋሼ ግን ወደ አምፑሏ አልሮጡም። መጀመሪያ የሚያስፈራውን ለኩ። እውነት የመጻፊያ ከረንት ካለ፣ ሄዱ ዲስኩ ላይ ሲወርድ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያጠፋ ይሄዳል። ቴስተራቸውን ሰክተው ዝም ብለው ቆዩ። የለም። ከዚያ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ውስጥ አጎነበሱና “ና እይ” አሉኝ። የአምፑሏ ክር ተበጥሷል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር! እኔ ደግሞ ካርድ ገዝቻለሁ።

አዲሷን አምፑል ሲበይዱ ስታኞው እንደ ጤዛ ጠብ አለ፤ አንዲትም ትርፍ የለም። አብርተን እንሞክረው ብዬ ስቁነጠነጥ ግን እምቢ አሉ። የአየር መተላለፊያው ስፖንጅ በእርጅና እንደ ሬንጅ ቀልጦ ተጣብቋል። ሄዱ የሚንሳፈፈው ከፀጉር በቀጠነ አየር ላይ ነው፤ ዲስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር አንዲት ፍርፋሪ ብትገባ ሄዱም ዲስኩም አበቃላቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉውን በአልኮል ስንጠርግ ዋልን። መብራት ድንገት ቢጠፋ ሄዶቹን ወደ ኋላ የሚስበውን ባትሪም ቀየሩት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይዘው መጡ። ከቦታ መለኪያው የሚወጡትን ሁለት ሞገዶች እኩል እስኪሆኑ አስተካከሉ። ከዚያ ማስነሻውን “ራን” ላይ አደረግኩት። ጉርርር እያለ ፍጥነት ያዘ፣ ቀጭ አለ፣ “ሬዲ” (ዝግጁ) የምትለዋ መብራት በራች።

ከፊት ባሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች አድራሻ 0030 ላይ ሁለት ቁጥር አስገባሁ፤ 6743 እና 5031። ማሽኑን ከዲስክ ለማስነሳት ይኸው ይበቃል። ቴሌታይፑ (ወረቀት ላይ የሚጽፈው መተየቢያ) አንዲት ነጥብ ጻፈ። የማሽኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኦኤስ/8፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ጋሼ ነጥቧን አይተው ኮታቸውን መልበስ ጀመሩ። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ዋጋቸው በሰዓት ነው። ተከራክሬ አልቀነሱልኝም። ከገዛሁት ካርድ ግን ረከሰልኝ። በስልክ ምርመራ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ማሽኑን ካላዩ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ወሬም አያበዙም። ዲስካችሁ ቀድሞ ከተቧጨረ “ይሄ አልቋል” ብለው ፊት ለፊት ይነግሯችኋል።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የማሽኑ የሰርኪዩት ሥዕል ካላችሁ አዘጋጁ፣ ይወዳሉ። እሳቸው እስኪመጡ ደግሞ ማብሪያውን እንዳትነኩ።