የዋይፋይ የጥበቃ ካሜራ ወይስ የኬብል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ
ደሴ ፒያሳ ላለች ትንሽ ሱቅ የዋይፋዩ ይበቃል። መግጠሙ ቀላል ነው፤ ጣጣው ኋላ ይመጣል። ምስሉ ከተቆራረጠ መጀመሪያ ግድግዳውን ይዩ፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሲግናሉን ያዳክመዋል። ጨርሶ አልገናኝ ካለ ራውተሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ መክፈቱን ያረጋግጡ፤ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች የ5 ጊጋኸርዙን ሞገድ አያውቁም።

የኬብሉ ካሜራ ምስል ሲጠፋ ተጠርጣሪው ጥቂት ነው፦ የላላ ጫፍ ወይም ከ100 ሜትር ያለፈ መስመር። በፖኢ ስዊች (ካሜራዎቹን በኔትወርክ ኬብል የሚያገናኝና ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) ከሆነ ኃይሉም በዚያው ኬብል ስለሚሄድ፣ መብራት ቢጠፋ ስዊቹንና መቅጃውን የያዘ አንድ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ካሜራዎቹን ሁሉ ለጊዜው ያቆያል። ለኮምቦልቻ መጋዘን ሳላመነታ የኬብሉን እላለሁ።

የደሴ ጉም ግን ለሁለቱም አያዝንም። ሌሊት ምስሉ ነጭ ከሆነ ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚያበራው የኢንፍራሬድ ብርሃን ከጉሙ እየተመለሰ ነው፤ እሱን አጥፍቶ ከካሜራው ራቅ ያለ የውጭ አምፖል ማብራት ይሻላል።