ለኮምፒውተር አሰልጣኛችን ምስጋና፣ ለዕጩ መምህራንም ጥቆማ

የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሠልጣኞች ነን። ይህን የምንጽፈው ኮምፒውተር ያስተማሩንን አሰልጣኝ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን አክብረንላቸዋል። አሠራራቸው ግን ሊታወቅ ይገባል፤ ከማን ልማር ብሎ ግራ ለተጋባ ዕጩ መምህር መለኪያ ይሆነዋል።

እሳቸው ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ምን እንደሆነ በማስጻፍ አይጀምሩም። የ50 ተማሪ ስም ያለበት የኤክሴል (የሠንጠረዥ ሶፍትዌር) ገጽ ያስከፍቱና ማርክ ሊስት (የውጤት መዝገብ) ሥሩ ይላሉ። ስትሳሳት ማውሱን ነጥቀው አያስተካክሉልህም፤ የመጨረሻውን ሥራ የሚሽረውን ኮንትሮል ዜድን ያስጫኑህና ከጀርባህ ቆመው ይጠብቃሉ። ትልቁ ውለታቸው ይህ ትዕግሥት ነው።

ማርክ ሊስቱ ላይ ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ፣ ልክም ናቸው፤ እዚያ የገባ ስህተት በቀጥታ ልጁ ውጤት ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ዳታ ቫሊዴሽን ያሠራሉ፦ ከ10 የሚያዝ ፈተና ከሆነ ሴሉ (የሠንጠረዡ ሳጥን) ከ0 እስከ 10 ያለውን ብቻ እንዲቀበል ይደረጋል። 8.5 ለመጻፍ ነጥቧ ተረስታ 85 ቢገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የቀረ ተማሪ ጉዳይ አለ። አማካይ የሚያወጣው የአቬሬጅ ፎርሙላ ባዶ ሴልን አይቆጥርም፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። 8 እና 6 አምጥቶ ሦስተኛውን ፈተና ያልወሰደ ልጅ ሴሉ ባዶ ከሆነ አማካዩ 7 ነው፤ 0 ከተጻፈለት ወደ 4.67 ይወርዳል። የትኛው ይያዝ የሚለውን የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ደንብ እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

ደረጃ ማውጣት ላይ ደግሞ ሁሉም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የራንክ ፎርሙላ ወደ ታች ሲጎተት የሚያወዳድረው የውጤት ክልልም አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ልጅ ስንትም ያምጣ አንደኛ ይወጣል፤ ከራሱ በቀር የሚወዳደረው የለማ! መድኃኒቱ ፎርሙላው ውስጥ ክልሉን መርጦ ኤፍ 4ን አንዴ መጫን ነው። የዶላር ምልክቶቹ ከታዩ ክልሉ ተቆልፏል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍ ኤን የሚለው ቁልፍ አብሮ መያዝ አለበት። ሁለት ልጆች እኩል ሦስተኛ ከሆኑ ቀጣዩ አምስተኛ እንደሚባልም ቀድሞ ማወቅ ነው፤ ወላጅ ይጠይቃል።

ስም በፊደል ተራ ሲደረደር ኤክሴል ምርጫውን ወደ ጎረቤት ዓምዶች ላስፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስፋ በሉት። አለዚያ ስሞቹ ብቻ ተንቀሳቅሰው ውጤቱ ባለበት ይቀርና የአንዱ ማርክ ለሌላው ይሰጣል።

የሁለት መንፈቅ ውጤት በስም ማገናኘትን አጥብቀው ይከለክላሉ። በአንዱ ገጽ ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ ተብሎ ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ከሌላ ገጽ ፈልጎ የሚያመጣው የቪሉክአፕ ፎርሙላም አላገኘሁም ይላል። ማገናኛው የመለያ ቁጥር ይሁን። ቁጥሩ በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ዓምዱ ሳይሞላ በፊት ዓይነቱ ቴክስት (ጽሑፍ) መደረግ አለበት፤ አለዚያ 007 ተቆርጦ 7 ይሆናል።

ሪፖርት ካርድ የሚሠራው በሜይል መርጅ ነው፤ ይህም ወርድ የተባለው የጽሑፍ ሶፍትዌር ከኤክሴሉ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት እየወሰደ ካርዱን የሚሞላበት መንገድ ነው። ከዓምዶቹ ስም በላይ የትምህርት ቤቱን ስም በተዋሃደ ሴል ማስዋብ አያስፈልግም፤ ወርድ የዓምድ ስም የሚፈልገው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። አማካዩ 78.6 መሆኑ ቀርቶ ረጅም የነጥብ ጅራት ይዞ ከመጣ ኤክሴል ውስጥ በቴክስት ፎርሙላ አንድ አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ይደረጋል። ከማተም በፊት የሦስት ልጆችን ካርድ ከማርክ ሊስቱ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ፓወርፖይንትን በአጭሩ ያልፉታል፦ ትልቅ ፊደል፣ በአንድ ስላይድ አንድ ሥዕል፣ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። የመጨረሻው ከተዘነጋ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል።

ልጆችን ለማስተማር የሚሆኑ ሦስት ሶፍትዌሮችንም ያስተዋውቃሉ፦ ጂኮምፕሪን (የመማሪያ ጨዋታዎች)፣ ተክስ ፔይንትን (ሥዕል መሣያ) እና ስክራችን (ብሎክ የሚባሉ የትእዛዝ ቁራጮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም መሥሪያ)። ሦስቱም ነፃ ናቸው፣ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ስክራች ውስጥ የአማርኛ ምርጫም አለ። የስክራች የመጀመሪያ ልምምዳቸው ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ማስኬድ ነው። 10 እርምጃ የሚለው ብሎክ ብቻውን ትንሽ ያንቀሳቅሳትና ይቆማል፤ ልጆች አልሠራም የሚሉት እዚህ ጋ ነው። ማለቂያ በሌለው ድግግሞሽ ውስጥ ሲገባ ትሮጣለች። ጠርዝ ስትነካ እንድትመለስ የሚያደርገው ብሎክ ሲጨመር ግን ተገልብጣ በጀርባዋ ትመለሳለች። የመዞሪያ ስልቷን ግራና ቀኝ ብቻ ማድረግ ይበቃል። መምህሩ ይህን ቀድሞ ካልሞከረው ክፍሉ በሳቅ ይሞላና ትምህርቱ ይቋረጣል።

ፈጥኖ መጻፍ ለማይችል፣ ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ዕጩ መምህር እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ከልባችን እንጠቁማለን። የምስክር ወረቀት ብቻ ለቸኮለ አይሆንም። ሌላ ቦታ የምትመዘገቡም ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማውሱን የሚይዘው ማነው? ሥልጠናው ሲያልቅ በገዛ እጄ የሠራሁትን ማርክ ሊስት በፍላሽ ይዤ እወጣለሁ ወይ?