የሰጎን ዓይን ሲታከም፦ ማረጋጋት ወይስ ማስተኛት?

ባሕር ዳር ዙሪያ ሰጎን ላርባ የሚል ሰው ስለ ዓይኗም ያስብ። ሰጎንን ለማረጋጋት የተለመደው ዘዴ ጭንቅላቷን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ የታመመው ዓይኗ ሲሆን ግን ዘዴው እንዳለ አይሠራም፣ የሚታከመው ከጨርቁ ሥር ነዋ!

ቀላሉ መንገድ መጠነኛ ማረጋጊያ መርፌ ሰጥቶ ዓይኑን በጠብታ ማደንዘዝ ነው። የውሃ ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈው የዓይን ትል ከዓይኗ ቆብ ሥር ከተገኘ፣ በወረንጦ እየለቀሙ ለማውጣት ይህ ይበቃል። ሐይቅ ዳር ለሚያረባ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ርግጫዋ ወደ ፊት ስለሆነ ያዡ ከጎን ይቁም። ብሌኑን አትሮፒን በተባለው መድኃኒት ለመክፈት መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ የወፍ ብሌን አይታዘዝለትም።

ዓይን ማውጣት ከመጣ ግን ማስተኛት ግድ ነው፤ ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ከማረጋጊያዎቹ ከዳያዜፓም ወይም ከዛይላዚን ጋር። እዚህ ላይ የሚያሰጋኝ ስትነቃ ነው። ተንደፋድፋ እግሯን ከሰበረች የዓይኑ ሕክምና ትርጉም ያጣል፣ ያን ከባድ አካል ተሸክሞ የሚድን እግር ብርቅ ነውና። ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል፣ ግድግዳው ሥር ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ አንገቷን ቀና አድርጎ የሚይዝ ሰው ከሌለ እኔ መርፌውን አላስጀምርም።